የልብስ ሰፊዋ ምሳሌ

ፀጉር ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ምን ይሠራል? በመሥሪያ ቤታችን ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው እላለሁ አሁን አሁን። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ግብር መደርደሪያ ላይ ስደረድር ኖሬያለሁ። ወጣቶቹ ፊት ለፊቴ «እትዬ»፣ ዞር ስል «እማማ ፋይል» ይሉኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ የኔ ጆሮ ግን ባዳ አይደለም፣ እሰማቸዋለሁ። ይበሉ። የማወራችሁ ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ጋሽ ይብራራ ነው። እኔ የምገባው ጥፋቱ ጋ ስንደርስ ነው።

ጋሽ ይብራራ የገቢ ግብር ክፍል መስኮት ሦስት ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም በደመወዝ መክፈያው ላይ አለ፣ ከገንዘብ ያዧ በቀር የሚያስታውሰው ግን የለም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣና «ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ይብራራልኝ» ይላል። ይብራራልኝ የሚል ሰው ስብሰባ ያስረዝማል፣ ስብሰባ የሚያስረዝም ሰው ደግሞ ስም ይወጣለታል። ሁለት መነጽር አለው፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለሰው፤ ሁልጊዜ የሚፈልገው ግን በእጁ የሌለውን ነው። ደብዳቤ ላይ ማኅተም ከመምታቱ በፊት ለእሱ የተላከ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ያነበዋል። ከዚያ ለራሱ «ገባኝ» ወይም «አልገባኝም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልገባኝም ነው የሚለው። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የማይገባው ሰው እያልን ስንስቅበት፣ «እኔ ካልገባኝ ዳቦ ጋጋሪው እንዴት ይግባው?» ይለናል። እኛም መሳቃችንን እንቀጥላለን።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ከሰባት ዓመት በፊት እሱም እንደ ማንኛችንም ማኅተሙን አንስቶ ዱብ ዱብ የሚያደርግ ሰው ነበር። ታላቅ እህት አለችው፣ ልብስ ሰፊ። «እታለም» ነው የሚላት። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪውንም ከአባታቸው አሮጌ ካፖርት ቀዳ የሰፋችለት እሷ ናት። ያን ዓመት ዓይኗን ታመመች። ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ስምንት ወር መርፌና ክር ማየት አቅቷት ሱቋን ዘግታ ተቀመጠች። ካልሠራሁ ምን ግብር አለብኝ ብላ ወደ እኛ ሳትመጣ ቀረች። ማንስ ቢሆን እንደዚያ አይደል የሚያስበው?

ደብዳቤ ደረሳት። ግማሽ ገጽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ግብር ከፋዩ በግብር ዓመቱ ገቢ ያላገኘ ቢሆንም እንኳ በተደነገገው የጊዜ ገደብ የማሳወቅ ግዴታውን ያልተወጣ በመሆኑ አግባብነት ባላቸው ድንጋጌዎች መሠረት» እያለ ይነጉዳል፣ ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የለውም። ለጎረቤቷ መምህር አስነበበች፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ አስነበበች፣ ለባንክ ዘበኛ አስነበበች። ሦስቱም ሦስት ነገር ነገሯት። ወንድሟን ለምን አልጠየቀችም ትሉኝ ይሆናል። የታመመች ሰሞን እንዳይጨነቅብኝ እያለች ብዙ ነገር ደብቃዋለች፣ ይሄንንም ከዚያው ቆጠረችው። በመጨረሻ ሱቋ ታሸገ፤ የስፌት መኪናዋም ጀምራ የተወችው ቀሚስ ከሥሩ እንደተወሸቀ ውስጥ ቀረ።

ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም የመስኮት ሦስት ነበር። ጋሼ በዚያ ቀን ሦስት መቶ ደብዳቤ መትቷል፣ ስም አላነበበም። እሷ መጥታ ወረፋ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ ደብዳቤውን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባችለት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለችውና ሄደች። ወረፋው ሁሉ ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንደምን አለህ፣ እንደምን አለሽ፣ በቃ። ቅጣቱን በጥቂት በጥቂቱ ከፍላ የዛገ መኪናዋን አውጥታ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ጠባብ ቦታ ተከራየች። ከወንድሟ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም፤ ሁለት ጊዜ በሰው ላከላት፣ ሁለቱንም ጊዜ መለሰችው።

ይብራራልኝ ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ይጽፍ ጀመር፣ ፊትና ጀርባ፤ ተራ ሰው የገቢ ግብሩን ማንንም ሳይጠይቅ እንዴት እንደሚሞላ የሚያስረዳ። ከግቢያችን ውጭ በጃንጥላ ሥር የሚቀመጡ ቅጽ ሞይዎች አሉ፤ ሰው ለእነሱ ከፍሎ ነው የሚያስሞላው፣ እነሱም የመጣላቸውን ቁጥር ይጽፉለታል። ጋሼ እነሱን ሥራ ሊያስፈታ ነው እያሉ ያሙት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአገሩ ግብር ከፋይ ሁሉ አስቦ አይደለም የጻፈው። እታለም ዳግመኛ ሱቋ እንዳይታሸግ ነው። ይህን በአፉ ነግሮኛል፣ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ ስኳሩን ሲያማስል ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

ወረቀቱ ኮሚቴ ገባ። ሦስት ዓመት ኮሚቴ ውስጥ ቆየ ብላችሁ ታምናላችሁ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እሱ «ዓመቱን ሙሉ ሥራ ባይኖርዎትም ይምጡና ሥራ አልነበረኝም ብለው ይሙሉ። ካልመጡ ይቀጣሉ» ብሎ ይጽፋል። እነሱ «ገቢ ባልተገኘበት የግብር ዓመትም የማሳወቅ ግዴታው ተፈጻሚነት ይኖረዋል» ብለው ይመልሱለታል። እሱ እንደገና ያስተካክላል፣ እነሱ እንደገና ያበላሻሉ። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ሕግ ሲቀል ይናቃል ይላል። የሕዝብ ግንኙነቷ የፊት ገጹ ላይ የኃላፊው ፎቶ ይግባ ትላለች። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው እንደሚባለው ሁልጊዜ ይጠሩታል፣ ሻይ ይጋብዙታል፣ ረቂቁን ግን አያሳልፉለትም። እኔ ብሆን ወረቀቱን ፊታቸው ቀድጄ እወጣ ነበር። እሱ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። አዲስ ኃላፊ ለሪፖርቱ የሚጠቅሰው ነገር ይፈልጋል፣ ባዶ እጁን ሪፖርት አያቀርብም። የጋሼን ወረቀት አየና «ስንት ገጽ ነው?» አለ። «አንድ» አሉት። «አንድ ገጽ ከሆነ የግብር ማሳወቂያው ወር ሳይገባ ይታተም። ግን ምሳሌ ይኑረው፣ ቁጥር ያለው፣ የእውነት የሚመስል። አሥር ቀን አለህ።»

ጋሼ እየሮጠ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። «አንቺ፣ ከፋይሎችሽ ውስጥ አንድ እውነተኛ የሰው ገቢ ፈልጊልኝ፣ ስሙን አልነካም» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ፋይል ነው ያለው። እውነት ከፈለግክ ሌላ ቦታ ሂድ» አልኩት። እየቀለድኩ ነበር፣ ደግሞም ቀልዴን አልነበረም።

ትንሽ ቆሞ አሰበና ፊቱ ተለወጠ። «ቅዳሜ ከሰዓት ምን አለሽ? የምታሳጥሪው ቀሚስ ካለሽ ይዘሽ ነይ። እታለም ጋ ብቻዬን ብሄድ ታባርረኛለች» አለኝ።

ሄድን። ከደረጃው ሥር ገብታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትሠራለች፤ ቀና ብትል ጭንቅላቷ ጣሪያውን ይነካል። በላይዋ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ኮቴው ይሰማል። በኮቴው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ናት፣ ዛሬም ከገበያ ዘገየች» ትላለች ራሷን ሳታነሳ። ግድግዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሽቦ ወጥራ ሽቦው ላይ ቁራጭ ጨርቆች ሰክታለች፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለው፣ ጥቁር፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ከሰፋችው ልብስ ሁሉ አንድ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ታስቀራለች። በጀርባው በእስክሪብቶ የተቀበለችውን ትጽፋለች። ደብተር አትይዝም። «ደብተር ይጠፋል፣ የሰፋሁትን ልብስ ግን አልረሳም» ነው የምትለው።

ወንድሟን ስታይ ፔዳሉን አቆመች። «ምን ልታሽግ መጣህ?»

«እታለም፣ አንድ ነገር እንድታነቢልኝ ነው።»

«ዓይኔን ታውቀው የለ።»

«ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበለችው። በቀሚሴ ምክንያት እኔን አስቀመጠችኝ፣ እሱን ቁም አላለችውም፣ ተቀመጥም አላለችውም። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ተቀናሽ» የሚለው ላይ ቆመች።

«ተቀናሽ ምንድን ነው?»

«ከገቢሽ ላይ ለሥራው ያወጣሽው። ክር፣ ኪራይ፣ መብራት።»

«እንደሱ ብለህ ጻፈዋ ታዲያ፣ ምን ያስፈራሃል።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ እዚያው ቆሞ አስተካከለ። ቀጠለች። «የእርጅና ተቀናሽ። ማነው ያረጀው?»

«የስፌት መኪናሽ። በየዓመቱ ስለሚያረጅ ትንሽ ይቀነስልሻል።»

«እኔም በየዓመቱ አረጃለሁ። እኔንስ አይቀንሱልኝም?» አለች። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ሥራ ባይኖርዎትም የሚለው ጋ ደረሰች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከላይ አንድ ሰው ወረደ፣ ማን እንደሆነ አልተናገረችም። «ይሄን ያኔ ብትጽፉት ኖሮ» አለች በቀስታ። ጋሼ መሬት መሬት አየ። ከዚያ በእግሯ በርጩማውን ገፋ አድርጋ «ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ቆመህ አታስጨንቀኝ» አለችው። ሰውዬው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ምሳሌው የእሷ እንዲሆን የጠየቃት ያኔ ነው። ስሟን ካልጻፈ ግድ የለኝም አለች። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ከሽቦው ላይ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያወረድን ቆጠርን፤ እሷ ጨርቁን እየዳሰሰች ትናገራለች፣ እሱ ይደምራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይሄ የነርሷ ነው፣ ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ። ይሄኛው የሙሽራዋ አክስት፣ ሰውነቷ ስለጨመረ ጎኑን ያሰፋሁላት። ይሄን በነፃ ነው የሰፋሁት፣ አትጻፈው፤ ኧረ ጻፈው፣ ዜሮ ብለህ ጻፈው፣ ውሸት አይሁን።» በሁለተኛው ቅዳሜ ሳይመሽ ጨረስን። ወጪው ሁሉ ከተነሳ በኋላ የዓመቱ ገቢዋ ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ሆነ።

«ዓመት ሙሉ ጎንብሼ ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው፣ እታለም።»

«እንግዲያስ የኔ ድህነት በአገሩ ሁሉ ሊነበብ ነው በለኛ።» አለችና ሻይ ላከችልን። ስንመለስ ጋሼ መንገድ ላይ እንደ ልጅ ይፈነድቅ ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ወረቀቱ ታተመ። ፊቱ ላይ የእሱ ማብራሪያ፣ ጀርባው ላይ አንድ ቅጽ ከላይ እስከ ታች ተሞልቶ፣ አናቱ ላይ በደማቅ «እንዲህ ይሞላል» የሚል። ገቢው፣ ወጪው፣ የስፌት መኪናው እርጅና አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ የተጣራው ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አራት። የማሳወቂያው ወር ሲገባ ሰው ወረቀቱን ይዞ በገዛ እጁ ሞልቶ ይመጣ ጀመር። ቅጽ ሞይዎቹ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቁጭ ብለው አዩ። ጋሼ መስኮቱ ላይ «ማን ሞላልዎ?» ይላል። «ራሴ» ይሉታል። እየደጋገመ ይጠይቃል እንጂ መልሱንስ ያውቀዋል። አንድ ማክሰኞ እታለም ወረፋ ይዛ መጣች። ቅጿን በዚያው በድሮው ቀዳዳ አስገባች። «ራሴ ነኝ የሞላሁት። ቁጥሩን ታውቀዋለህ» አለችው። ሳቁ መዝገብ ቤት ድረስ ተሰማኝ።

አሁን ጥፋቴ ጋ ደረስን።

የወሩ መጨረሻ ላይ ቅጾቹን ፋይል ውስጥ እየከተትኩ ሳለ የአንድ ፀጉር ቆራጭ ቅጽ እጄ ገባ። የስፌት መኪና እርጅና፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ምን አለ ደግሞ ይሄ ሰውዬ አልኩ። ቀጥሎ ዳቦ ቤት፣ የስፌት መኪና። ቀጥሎ የብስክሌት ጠጋኝ፣ የስፌት መኪና። የሁሉም የተጣራ ገቢ ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አራት። ሳቅ ገደለኝ። ብቻዬን መሳቁ አልበቃኝ ብሎ ሦስቱን ፋይል ታቅፌ ወደ ኦዲት ክፍል ወጣሁ፣ ላስቃቸው ብዬ። ያኔ ነው «ፀጉር ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ምን ይሠራል?» ያልኩት። ባለከረባቱ ኦዲተር፣ ልጅ እግር ነው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ጻፈው። ስንፈልገው «ሲስተም የለም» የሚባለው ሲስተም ያን ቀን ነበረ። ያንኑ ቁጥር የጻፈ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አወጣ።

በሦስተኛው ቀን ፀጉር ቆራጩ ተጠርቶ መጣ። እኔው ፋይሉን ይዤ ገባሁ። «ምን ነካህ?» አልኩት ኮሪደሩ ላይ፣ ለሰውዬው አዝኜ።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «በየዓመቱ የራሴን ቁጥር ስጽፍ አንሷል ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ። ዘንድሮ መንግሥት ራሱ ጽፎ ሰጠኝ። እናንተ የጻፋችሁትን ብጽፍ ከማን ጋር ትጣላላችሁ ብዬ ነው።»

«የስፌት መኪናውስ?»

«እሱማ እኔንም ገርሞኛል። ግን ከጻፋችሁት ላይ አንዱን ባጎድል ሌላ ጣጣ ይመጣል ብዬ ተውኩት።»

ምን ትሉታላችሁ? ሰዉ ወረቀቱ አልገባው ብሎ አይደለም። ስንት ዓመት ስናስፈራራው ኖረን እውነቱን ከመጻፍ የኛን ቁጥር መገልበጥ ይሻላል ብሎ ነው።

ውሳኔው አንድ ገጽ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ሐሰተኛ ማሳወቂያ አስገብተዋል፣ ይቀጣሉ፣ ሱቃቸው ይታሸጋል። ከዚህ በፊት ታሽጎበት የሚያውቅ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋቱ ስለሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል። የጋሼ ወረቀት ከየመስኮቱ ይሰብሰብ። ዝርዝሩን ወደ ኃላፊው ቢሮ ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ ጋሼ ተከትሎኝ ሲገባ እዚያው ነበርኩ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ይብራራልኝ» አለ። «ከነዚህ ውስጥ አንዷ አልዋሸችም።»

«የትኛዋ?»

«ልብስ ሰፊዋ። ቁጥሩ የራሷ ነው። ምሳሌውን የወሰድኩት ከእሷ ነው።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

ጋሼን በዓይኔ አትናገር አልኩት። አላየኝም። «እህቴ ናት» አለ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄንን ልመስክርለት። ወንበሩ ላይ ወደኋላ ብሎ ብዙ አሰበ። «እንግዲያ የእህትህን ግብር አንተ ነህ የሠራኸው ማለት ነው» አለ። «ለዘመድ መሥራት ክልክል መሆኑን ታውቃለህ። ይሄ ከተጻፈ አንተም ጡረታህ ዘጠኝ ወር ሲቀረው ይበላሻል፣ እሷም ከወንድሟ ጋር ተመሳጥራ ይባላል። አልሰማሁህም። ማስረጃ ካላት ራሷ ታምጣ።»

አመጣች። ሽቦውን ከግድግዳው ነቅላ፣ ከነቁራጮቹ ጠቅልላ በፌስታል ይዛ መጣች። ባለከረባቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ይሄ የነርሷ ነው፣ ይሄ የሙሽራዋ አክስት እያለች ከመጀመሪያው ጀመረች። ልጁ አሥራ አምስት ቁራጭ ድረስ ታገሣት። «እናቴ፣ አምንሻለሁ» አላት፣ «ግን ደረሰኝ ነው የምቀበለው። ይሄን የት ብዬ ላስገባው?» ይግባኝ ማለት ትችያለሽ አላት፣ ለይግባኝ ደግሞ የቅጣቱ ግማሽ አስቀድሞ ይከፈላል። እሷም ቁራጮቿን እንደገና ጠቀለለች። አንዱ፣ አበባ ያለው፣ ወንበሩ ሥር ወድቆ ቀርቶ እኔ ነኝ ያነሳሁት። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ። ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱ የማሸጊያ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የሕግ ክፍሉ የለመደውን ግማሽ ገጽ ይዞ መጣ። ኃላፊው አነበበና መለሰው። «ይሄ አይገባም። በኋላ አልተረዳንም ይሉናል፣ እንደገና ክርክር ነው። ያ ሰውዬ ይጻፈው፣ የመስኮት ሦስቱ። የእሱ አጻጻፍ ለሰው ይገባል» አለ። በሰባት ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ የጋሼን አጻጻፍ ሲያመሰግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

እንቢ በል አልኩት። መዝገብ ቤት መጥቶ ፋይሎቹ መሀል ተቀምጦ ነበር። «እንቢ ብል ያኛውን ግማሽ ገጽ ይልኩላታል» አለኝ። «እንደገና ለሦስት ሰው ስታስነብብ ትዞራለች።» ተናደድኩበት። አንተ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ልብ የለህም ወይ ብዬ ጮህኩበት። መነጽሩን አውልቆ ሌላኛውን ፈለገ። ላጽናናው ሲገባኝ የጮህኩበት እኔ ነኝ፤ ፋይሉን ኦዲት ክፍል ይዤ የወጣሁት እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉ። እሱ ግን ያንን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ጻፈው። አራት መስመር ነው፣ ቅጂው እኔ ጋ አለ። «ያስገቡትን ማሳወቂያ አልተቀበልነውም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሱቅዎን እናሽጋለን። ዕቃዎን አያውጡ። ይህ ሁለተኛ ጊዜዎ ከሆነ ፈቃድዎ ተሰርዟል።» ይሄኛውን ኮሚቴ አንድ ቃል አልነካበትም። ጋሼ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም መስኮት ሦስት ላይ ቁጭ ብሎ መታቸው። በዚህኛው ጊዜ ስም ሁሉ አነበበ። ሲያነብ እሰማዋለሁ፣ ስም ያነባል፣ ዱብ፣ ስም ያነባል፣ ዱብ። አንዱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ዱብ።

ሐሙስ ከአሻጊዎቹ ጋር እኔ ተመደብኩ፤ ከታሸገ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ መዝጋቢ ያስፈልጋል። እታለም ደረጃው አጠገብ በርጩማዋን አውጥታ ተቀምጣለች። ቤቱን ጠርጋዋለች፣ ክሮቹን በቀለም በቀለም ደርድራቸዋለች። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ ለመምጣትም ለመሄድም እግሩ እንቢ ብሎት። አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

ደብዳቤውን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ። «እህቴ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?» አለችኝ።

ዓይኔ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጋሼ ሄደ።

«ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። ያኛውን ጊዜ ሦስት ሰው አነበበልኝና አንዱም አልገባኝም። ይሄን ግን ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ መንገዱን ተሻግሮ እንዲሰማ። ጋሼ ሰማ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘው።

ሰዎቹ ወረቀታቸውንና ሙጫቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። አጎንብሼ ከደረጃው ሥር ገባሁ። መብራቱን አብርቼ ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ ሁሉ ፋይል በኋላ የስፌት መኪናውን ደህና አድርጌ አየሁት፣ ጎኑ ዝጎ፣ ፔዳሉ በእግሯ ብዛት ተበልቶ። ተራ ቁጥር አንድ፣ የስፌት መኪና፣ አንድ፣ አሮጌ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።